የእናቴን የወገብ ነርቭ ሊያቃጥሉላት ነው፤ እፎይታው ይቆይላት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

የአዘዞ ልጅ | ሐምሌ 14

ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ። ያለሁት ጎንደር አዘዞ ነው። ጥያቄዬ ስለ እናቴ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። አራታችንንም ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። ወገቧን ካመማት ስድስት ዓመት አልፎታል። ህመሙ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ዳሌዋ ይወርዳል እንጂ ከጉልበቷ በታች ወርዶ አያውቅም፤ እግሯም አይደነዝዝም። ከዱካ ስትነሣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ነው የምትቃናው። ቆማ ማስቀደስ ካቃታት ሁለት ዓመት ሆናት። ከሁሉ የሚያሳዝናት ይሄ ነው።

እዚህ ኤምአርአይ ተነሥታ "ዲስኮቹ ደርቀዋል፣ መገጣጠሚያዎቹ አርጅተዋል" ተባለ። ኪኒን፣ ቅባት፣ የወገብ ቀበቶ፣ ሁሉንም አየነው። ሚያዝያ ላይ እህቴ አሜሪካ ወሰደቻት። እዚያ ያያት የህመም ሐኪም የጠረጠረው ፋሴት የሚባሉትን ትንንሽ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ነው። ወደ እነሱ የሚሄዱትን ነርቮች ለሙከራ በማደንዘዣ መርፌ ወጋት። የዚያን ዕለት ማታ እህቴ በደስታ እየጮኸች ደወለች፤ "80 በመቶ ተሻላት!"

አሁን ሐኪሙ ሁለተኛ የሙከራ መርፌ ሳልወጋ አላቃጥልም ብሏል። ክፍያው ከእህቴ ኪስ ነው፤ ሌላ ቀንም ከሥራ መቅረት አለባት። "ተሽሏታል እኮ፣ ለምን ዝም ብሎ አይሠራላትም?" ትላለች።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እናቴ ለገና ትመለሳለች። ነርቩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲመለስም ይደገማል ይባላል። ከአዘዞ ተነሥታ በየዓመቱ አሜሪካ ልትመላለስ አትችልም። ስለዚህ የሚቆይላት ሰው መሆን አለመሆኗን አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር አለ ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሰሙና በር | ሐምሌ 14

ልጄ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። "ነርቭ ማቃጠል" የሚለውን ሳነብ ግን ደነገጥሁ። ነርቭ ከተቃጠለ በኋላ እግር እንዴት ይታዘዛል? እኔ ወገቤ የተያዘ ጊዜ ወጌሻ አሽቶኝ ነው የዳንሁ። ጠበሉም አለ። ወደ እሳት ከመሄዳችሁ በፊት አስቡበት።

የሰመመን ባለሙያ | ሐምሌ 15

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ የብዙ ሰው ፍርሃት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የሚቃጠለው እግር የሚያዘው ነርቭ አይደለም። ከአከርካሪ ወደ ኋላ ተገንጥሎ ወደ ፋሴት መገጣጠሚያ የሚሄድ ክር የሚያክል ቅርንጫፍ ነው፤ ሥራውም የመገጣጠሚያውን ህመም ወደ ላይ ማድረስና አከርካሪ አጠገብ ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎችን ማንቀሳቀስ ነው። ቀጥታ በሚያሳይ ራጅ እየተመሩ መርፌ ያስጠጋሉ፤ የመርፌው ጫፍ በራዲዮ ሞገድ ወደ 80 ዲግሪ ይሞቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ይቆያል። ከማቃጠላቸው በፊት ትንሽ ኤሌክትሪክ ልከው እግር ይንቀሳቀስ እንደሆነ ያያሉ። ከተንቀሳቀሰ መርፌው ቦታውን ስቷል ማለት ነው፤ አያቃጥሉም።

እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከሁለት ነርቭ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ በአንድ በኩል ሁለት መገጣጠሚያ ለማስታገስ ሦስት ነርቭ መነካት አለበት። ይህን የማነሳው አንዱ ብቻ ከተሳተ ህመሙ በቀረው ስለሚያልፍ ነው። ዘዴው ከ1975 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በራዲዮ ሞገድ ሲሠራ ቆይቷል፤ ነገር ግን ቦግዱክ የተባለው አውስትራሊያዊ የአካል አወቃቀር ሊቅ በ1979 እና በ1980 ነርቮቹ በትክክል የት እንደሚያልፉ እስኪያሳይ ድረስ ብዙው መርፌ የሚያርፈው ነርቩ በሌለበት ነበር። የሚሠራው ሰው እጅና መርፌው ከነርቩ ጎን ተጋድሞ መተኛቱ ለእፎይታው ርዝመት ትልቅ ነገር ነው። ጫፉ ብቻ ከነካው የሚቃጠለው አጭር ቁራጭ ነው፤ ቶሎ ይበቅላል።

የአዘዞ ልጅ፣ ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ በደንብ ተመርጠው ለተሠራላቸው እፎይታው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው፤ ከዚያ የሚያልፍላቸውም አሉ። በ2000 በወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ሁለት ጊዜ በሙከራ መርፌ ተጣርተው የተመረጡ 15 ሰዎች ነበሩ። ከዓመት በኋላ 60 በመቶዎቹ ከህመማቸው ቢያንስ 90 በመቶው ጠፍቶላቸው ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ አመራረጡም ጥብቅ ነው፤ ውጤቱን ያመጣው ግን ያ ጥብቅነት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ብቻውን የተወጋ የሙከራ መርፌ ከመቶ ሰው ከ25 እስከ 40 የሚሆኑትን ያሳስታል። ህመማቸው ከፋሴት ሳይሆን "ተሻለኝ" ይላሉ፤ ስለዋሹ ሳይሆን ተስፋ ራሱ ህመም ስለሚያስታግስ፣ ወይም ማደንዘዣው ወደ ሌላ ቦታ ስለሚፈስ። በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 151 ሰዎችን ሦስት ቦታ ከፈለ። ያለ ሙከራ በቀጥታ ከተቃጠለላቸው የተሳካላቸው 33 በመቶ፣ በአንድ መርፌ ካለፉት 39 በመቶ፣ በሁለት መርፌ ካለፉት 64 በመቶ ነበሩ። በሁለተኛው መርፌ ሊጠቅማቸው ይችል የነበሩ ሰዎችም እንደሚወድቁ አልደብቅም፤ በ2020 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነትም አንድ መርፌና 50 በመቶ መሻል ይበቃል ይላል። ስለዚህ ሐኪሞች እዚህ ላይ ይለያያሉ። መድገም ለማትችል እናት ግን ያ ሐኪም ሁለት ማለቱ ልክ ነው። እህትህ ትታገሥ።

ከሮተርዳም | ሐምሌ 15

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ቀበሌ 16 ነው ያደግሁት፤ አሁን ሆላንድ ነኝ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሠርቶልኛል። መጀመሪያ 14 ወር ቆየልኝ። ሁለተኛው 9 ወር።

እዚህ አገር ላይ በዚህ ነገር ትልቅ ክርክር ነበር። በፈረንጆቹ 2017 የወጡ ሦስት የሆላንድ ጥናቶች 681 ሰው ላይ ተሠርተው፣ ስፖርት ብቻ ከሠሩትና ስፖርትም ማቃጠልም ከተደረገላቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ሐኪሞቹ ግን ምርጫው በአንድ የሙከራ መርፌ መሆኑን፣ ቴክኒኩንም ተቹ። እኔ ሁለቱንም ወገን ሳነብ የገባኝ፣ ህመሙ ከፋሴት ላልሆነ ሰው የፋሴት ነርቭ ማቃጠል ባዶ ድካም መሆኑ ነው። ጥናቱ ውስጥ ስንቱ እንዲያ እንደነበረ ማን ያውቃል። ግን ደግሞ ስፖርቱን ብቻ የሠሩትም ተሽሏቸው እንደነበር አትርሱ። ለእናትህ ይሄንን ንገራት።

እናት ጓዳ | ሐምሌ 16

የባለቤቴን ታሪክ ልንገርህ ወንድሜ፤ ያልሠራለትም ይሰማ። ውጭ አገር እያለን ተሠርቶለት ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየለትም። ወገቡ ከዚያ በፊት በኦፕራሲዮን ተከፍቷል። ህመሙ እስከ እግር ጣቱ ይወርድ ነበር። አሥር ዓመት የቆየ ህመም ነው። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ የህመም ኪኒን ሳይወስድ አያድርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ሥራውን ካጣ ወዲህ ሌሊት አይተኛም ነበር፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። ማንም "ከነርቩ በፊት ይሄን እንቅልፍና ሐዘን እናክም" አላለንም። ያን ጊዜ ዘመዶች ሰብስበን ነበር ገንዘቡን ያገኘነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማራኪ ፊዚዮ | ሐምሌ 17

እህቴ እናት ጓዳ፣ ያልሽው ሁሉ ጥናት ላይ ያለ ነው። በ192 ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ለመክሸፍ ምልክት ሆነው ያገኛቸው ከዚህ በፊት የጀርባ ኦፕራሲዮን መኖሩንና ህመሙ ረጅም ዘመን መቆየቱን ነው። የተጨነቀ ወይም ያዘነ መንፈስ፣ እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ እነዚህም ውጤቱን እንደሚያደክሙ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከጉልበት በታች የሚወርድ ህመም ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ ነርቭ ነው። ባለቤትሽ ይሄን ሁሉ ይዞ ገብቶ ሳለ ማንም አለመጠየቁ ያሳዝናል።

የአዘዞ ልጅ፣ እኔ ጎንደር ነው የምሠራው፤ እንደ እናትህ ያሉ እናቶችን በየቀኑ አያለሁ። ስለ ኤምአርአዩ ወረቀት አትጨነቅ። ምንም ወገባቸውን የማያማቸው ሰዎች ተነሥተው በ20 ዓመታቸው 37 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው 96 በመቶ የዲስክ ማርጀት ታይቶባቸዋል። "መገጣጠሚያ አርጅቷል" የሚለው ቃል ማን እንደሚሻለው አይነግርህም። በዚያው በ192 ሰዎች ጥናት ከውጤት ጋር የተያያዘው መልካም ምልክት ከአከርካሪ አጠገብ ሲጫኑት የሚያም መሆኑ ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ሲለጠጡ ማመሙ እንኳ፣ እኛ ተማሪ ሆነን እንደ ትልቅ ምልክት የተማርነው፣ መልካም ምልክት ሆኖ አልተገኘም።

ጋሼ የሰሙና በር፣ ስለ ጠበሉ ምንም አልልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ስለ ወጌሻው ግን እባክዎ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። ሌሊት የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ የሚያተኩስ፣ ተኝቶም የማይለቅ የወገብ ህመም ያለበት ሰው ከመታሸቱ በፊት ይመርመር። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል።

አሁን ዋናውን ልናገር። ስለ ረጅም እፎይታ ከሁሉ የተሻለ የሚናገረው ከሙከራ መርፌው በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ያ ምስክር ግን በእናትህ አፍ ነው የሚናገረው። እናቶቻችን ደግሞ ምን ይላሉ? "እንዴት አደሩ?" ስላቸው "ተመስገን ደህና ነኝ" ብለው ነው ህመማቸውን የሚጀምሩልኝ። አልጋ ላይ ተኝተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "ተመስገን" ይላሉ። እምነት ነው፣ ጨዋነት ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ግን መቶኛ ሆኖ ፎርም ላይ ሲሞላ ሰው የተሳሳተ ቦታ ላይ እንዲቃጠል ያደርጋል። እናትህን ደውልና ጠይቃት። "ስንት ፐርሰንት" አትበላት። "ያን ቀን ከወንበር ስትነሺ እጅሽ የት ነበር?" በላት።

የአዘዞ ልጅ | ሐምሌ 19

ደወልኩ። እህቴ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ነው የደወልኩት።

መጀመሪያ "ደህና ነኝ ልጄ፣ መርፌው ጥሩ ነው" አለችኝ። ከዚያ ማራኪ ፊዚዮ እንዳልከኝ እጇ የት እንደነበር ጠየቅኋት። ዝም አለች። "ጉልበቴ ላይ ነው መሰለኝ" አለች። ቀጥላ የነገረችኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ "ልጄ ከሥራዋ ቀርታ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍላ፣ መኪና ውስጥ ዞር ብላ 'እማዬ ተሻለሽ?' ስትለኝ፣ አልተሻለኝም ልበላት? አንጀቴ አልችል አለ። ስንት ልበላት ብዬ፣ መቶ ካልኩ ውሸት ይመስላል፣ ሰማንያ አልኳት።"

ጭራሽ አልተሻላትም ማለት ግን አይደለም። "ቀለል ብሎኝ ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝም ስለነበር የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም" ብላለች።

ሌላም ጉድ አለ። በማግስቱ ከክሊኒኩ በአስተርጓሚ ደውለው ህመሙ በስንት ሰዓት እንደተመለሰ ጠይቀዋት "በ9 ሰዓት" ብላለች። እሷ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ከቀትር በኋላ። እነሱ የጻፉት የማታውን 9 ሰዓታቸውን ነው፣ ማለትም በኛ ማታ 3 ሰዓት። የተወጋችው በኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ አምስት ሰዓት የቆየው እፎይታ ፋይሏ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ተመዝግቧል። እህቴ ወረቀቱን አውጥታ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የሰመመን ባለሙያ | ሐምሌ 19

ይህን በማግኘትህ እጅህን ልጨብጥ ይገባኛል። ነገሩ ትንሽ አይደለም። ማደንዘዣው የራሱ ዕድሜ አለው። ሊዶኬይን ቶሎ ይለቃል፣ ቡፒቫኬይን ይቆያል። እፎይታው ከማደንዘዣው ዕድሜ ጋር ሲገጥም ሐኪሙ ልቡን ያሳርፋል፤ እጅግ ሲረዝም ይጠራጠራል። ምናልባትም ሁለተኛውን የጠየቀው ለዚህ ይሆናል። ሰዓቱን ዛሬውኑ አሳርሙ።

ለሁለተኛው ቀን ጥቂት ነገር፦ የህመም ኪኒን ሳትውጥ ትሂድ፤ አለዚያ ማን እንዳስታገሳት አይታወቅም። እንቅልፍ የሚያመጣ መርፌ አትጠይቅ፣ እሱም ያደበዝዛል። ከተወጋች በኋላ ሶፋ ላይ እንዳትተኛ። የሚያማትን ሥራ ትሥራ። ያመማት የነበረውን ሳትሠራ "አላመመኝም" ብትል ምንም አልተፈተነም።

እናት ጓዳ | ሐምሌ 20

እናትህን ሳትቆጣት። እህትህም አትቆጣት።

የአዘዞ ልጅ | ነሐሴ 8

አልተቆጣናትም እትዬ። እህቴ አልቅሳ አቀፈቻት፤ "እማዬ፣ እውነቱን ብትነግሪኝ ነው ገንዘቤ የሚተርፈው" አለቻት፤ በዚያው አለቀ።

ሁለተኛው መርፌ ትናንት ነበር፤ ጾመ ፍልሰታ ላይ። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም ቀድሞም ኪኒን አልዋጠችም። እህቴ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ገዝታ ሰጠቻትና ራሷ እንድትጽፍ አደረገች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ድቡልቡል አድርጋ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ነው የምታስቀምጠው። እህቴ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እንዳለ ልገልብጠው፦

"4 ሰዓት ተወጋሁ።
4 ተኩል። ከዝቅተኛው ወንበር ተነሣሁ። እጄን አላስደገፍሁም።
5 ሰዓት። ቆሜ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። እስከ መጨረሻው አልተቀመጥሁም።
6 ሰዓት። ልብስ ከማጠቢያው ጎንበስ ብዬ አወጣሁ። ቀኙ የለም። የግራ ዳሌዬ አለ።
7 ሰዓት ተኩል። ደረጃ ወረድሁ። ቀኙ የለም። የግራ ወገቤም የለም። የግራ ዳሌዬ አለ።
9 ሰዓት ከሩብ። ቀኙ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣ።
10 ሰዓት። ሁሉም እንደ ዱሮው።"

"የግራ ዳሌዬ አለ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። በፊተኛው ጊዜ ይሄ በሰማንያው ውስጥ ተውጦ ቀርቶ ነበር።

ሐኪሙ ደብተሩን በእህቴ አስተርጓሚነት መስመር በመስመር ሰማ። የወገቧ ህመም በሁለቱም በኩል ከፋሴት ነው፤ ማቃጠሉ ይጠቅማታል፤ ከስድስት ወር በላይ ሊቆይላት ይችላል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግ ነገራት። የግራ ዳሌው ግን በዚህ መርፌ ስላልተነካ በማቃጠልም አይነካም፤ ምናልባት ዳሌና አከርካሪ ከሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ እንዲድን አትጠብቂ አላት። እናቴ "እውነት ስለነገረኝ ደስ አለኝ" ብላለች።

ማራኪ ፊዚዮ | ነሐሴ 8

"ቀኙ የለም። የግራ ዳሌዬ አለ።" ስንት ዓመት ታካሚ ሳይ እንዲህ የጠራ ማስታወሻ አልገጠመኝም። እናትህን እጅ ነሥቻለሁ በላት።

ከሮተርዳም | ነሐሴ 9

እኔ ሁለተኛው ለምን 9 ወር ብቻ እንደቆየልኝ አሁን ሳስበው፣ መጀመሪያ ጊዜ በየቀኑ እራመድ ነበር። ሁለተኛው ላይ ህመሙ ሲጠፋ የመጋዘን ሥራ ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ማንሳት። በዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ነርቩም የራሱ ጊዜ አለው። ግን ለእናትህ ንገራት።

የአዘዞ ልጅ | መስከረም 24

ከመስቀል በፊት ተሠራላት። አንድ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው፤ ነቅታ ነው፤ የዚያኑ ቀን ቤቷ ገባች።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ግን አስደንግጠውናል። ወገቧ ቆዳ ላይ በርበሬ የነካው ያህል ይለበልባት ነበር፤ ቀሚሷ ሲነካት እንኳ ትሸሽ ነበር። እህቴ "አበላሹአት" ብላ ሌሊት ደወለችልኝ። ይሄ ያለ ነገር ነው?

የሰመመን ባለሙያ | መስከረም 24

ያለ ነው። የተቃጠለው ነርቭ እስኪሞት ይቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ፀሐይ የመታው ቆዳ ይመስላል፤ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። መርፌው ያለፈበት ጡንቻም ይታመማል። ሙሉ ውጤቱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው የምታዩት። ትኩሳት፣ የእግር መድከም፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ማቃት ካለ ግን አትጠብቁ፣ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ጋ።

የአዘዞ ልጅ | ጥቅምት 9

ለቀቃት። በቪዲዮ ሆና ከወንበር ተነሥታ አሳየችኝ። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነው የተነሣችው፣ እንዳይ ብላ።

የሰሙና በር | ጥቅምት 9

እልል በል ልጄ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔም ያን ቀን የጻፍሁትን አስቤበታለሁ፤ ሌሊት የሚያልበው የወንድሜ ልጅ ነበር፣ ወስደን አስመረመርነው። ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። ማራኪ ፊዚዮ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማራኪ ፊዚዮ | ጥቅምት 10

ጋሼ፣ ይህን መስማቴ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ሳያቋርጥ መድኃኒቱን ይጨርስ፤ ሲሻለው ብዙ ሰው ያቋርጣል።

የአዘዞ ልጅ፣ ከእናትህ መምጣት በፊት ቤቱን ልታዘጋጅ ይገባሃል። ማቃጠሉ ለእናትህ የሰጣት ጊዜ ነው። መገጣጠሚያው ያው ነው፤ ዝም ያለው ህመሙ ነው። በዚያ ላይ እነዚያ ነርቮች ከአከርካሪ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ጡንቻዎች ስለሚያዙ፣ ነርቩ እስኪበቅል ጡንቻው ድካም አለበት። ስለዚህ ትልልቆቹ የወገብ፣ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻዎች መጠንከር አለባቸው።

ከሁሉ የምፈራው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ነው። ጎንደር ውሃ ሲመጣ እናቶች በአንድ ጊዜ አሥር ጀሪካን ይሞላሉ። ወገቧ ስለማያማት ሃያ ሊትሩን ታነሣዋለች፤ ዱሮ የሚከለክላት ህመሙ ነበር። አሁን የሚከለክላት አንተ ነህ። ምጣዱን ደግሞ ከመሬት አንሣው።

የአዘዞ ልጅ | ታኅሣሥ 27

እናቴ ባለፈው ሳምንት አዘዞ ኤርፖርት ወረደች። ሻንጣ የሚያነሣላት ልጅ ሲቀርብ "እኔ እችላለሁ" ስትል እጇን ያዝኋት።

ኤሌክትሪክ ምጣዷ በብረት እግር ላይ፣ ልክ በወገቧ ቁመት ተሠርቷል፤ ሠሪው እሷ በሌለችበት ቁመቷን በኔ ትከሻ ገምቶ ነው የቆረጠው፣ ሁለት ጣት ረዝሞ ከሥር ጣውላ አደረግንላት። ሊጡን ከትልቁ ቡሃቃ ጎንበስ ብላ መቅዳት ቀርቷል፤ ታናሽ እህቴ በትንሽ ባልዲ እየቀዳች አጠገቧ ታስቀምጥላታለች። መጀመሪያ "ቆሞ መጋገር የሰው ቤት የገባሁ ያህል ነው" ብላ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አክንባሎውን በአንድ እጇ እያነሣች የሰፈሩን ወሬ ስታወራ አገኘኋት።

ቁልቁለት ግን ትንሽ ይሰማታል፤ ዳገት አይሰማትም።

ማራኪ ፊዚዮ | ታኅሣሥ 28

ቁልቁለት ስንወርድ ወገብ ወደ ኋላ ስለሚለጠጥ ፋሴቶቹ ይጫናሉ። ዱላ ትያዝ፣ እርምጃዋን ታሳጥር። ጥምቀት ላይ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በታክሲ ተወስዳ እዚያ ትቁም እንጂ ከከተማው ጀምሮ አብራ አትውረድ።

የአዘዞ ልጅ | ሚያዝያ 20

ሰባት ወር ሆነ። ለምን እንደጠፋሁ የጠየቃችሁኝ ይቅርታ።

በጥምቀት በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ግቢ ውስጥ ካህናቱ ባሕሩን ሲባርኩ ቆማ አየች። አንድ ጊዜ የግንብ ጠርዝ ላይ አረፍ አለች፤ የግራ ዳሌዋ ነው። ሐኪሙ አይነካም ያለው አልተነካም፤ እሱ ዛሬም ከእሷ ጋር ነው። ቀኙና የግራ ወገቧ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ዝም ብለዋል። ደብተሩን አልተወችም፤ በየወሩ በእመቤታችን ዕለት አንድ መስመር ትጽፋለች። የመጋቢቱ መስመር "ቀኙ የለም። ዛሬ ቅዳሴ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ" ይላል።

የስቅለት ስግደት ከበዳት። ከማራኪ ፊዚዮ ጋር ተነጋግረን፣ የንስሐ አባቷም ፈቅደውላት፣ ጎንበስ እያለች ብቻ ሰገደች። ይሄን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል።

ልጅ ከመተማ | ሚያዝያ 21

ሰላም። ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። አጎቴ ጀርመን ነው የሚኖረው፤ የሙከራ መርፌ ሐሙስ ነው። እሱም "ደህና ነኝ" ባይ ነው። ምን ልበለው?

የአዘዞ ልጅ | ሚያዝያ 21

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ደውልና ከህመሙ የተነሣ የተዋቸውን ሦስት ነገሮች ጠይቀው። ጫማ ማሰር ይሁን፣ መኪና ውስጥ መግባት ይሁን፣ እሱ ይምረጥ። ሐሙስ ከመወጋቱ በፊት እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ያድርጋቸው፤ ከተወጋ በኋላም በየሰዓቱ ይድገማቸው፣ ራሱ ይጻፈው። የቀረ ህመም ካለ የት እንደሆነ በጎን በጎኑ ለይቶ ይጻፍ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው "ተሻለህ?" ብሎ እንዳይጠይቀው ለሚስቱም ለልጆቹም ንገራቸው። ከወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ ሰዓቱ በኛ ይሁን በእነሱ አቆጣጠር በትልቁ ይጻፍበት።